የወሊድ ታሪክ ከመጨረሻው ሲጀመር

ጡረታ ልወጣ ስድስት ወር ሲቀረኝ ለሥልጠና ተጠራሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስታዋልድ የኖረችን ሴት በስድስት ወር ውስጥ ምን ሊያሠለጥኗት እንዳሰቡ እግዜር ይወቀው። ምሳ አለ ስለተባለ ግን ሄድኩ።

አሠልጣኙ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ የሚዞር ወጣት ነበር። "እናቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሪፍሌክት እናደርጋለን" አለን። ነገሩን ሲያብራራው፣ አንድ ሥራ ከሠሩ በኋላ ቆም ብሎ ምን ሠራሁ፣ ምን ተሰማኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ላሻሽል ብሎ ራስን መጠየቅ ማለት ነው። አዲስ አሠራር ነው አለ። ፎርምም አደለን። የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ተሰማዎት?" ይላል። ከጠዋት ጀምሮ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ "ወገቤን" ብዬ ጻፍኩ።

አጠገቤ የነበረችው ሄለን አየችና በሳቅ ልትፈነዳ ደረሰች። ሄለን ከኔ ጋር በአንድ ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ፣ ከተመረቀች አራት ዓመት የሆናት አዋላጅ ነች። "ሲስተር ትርንጎ፣ ሲሪየስሊ! ይሰበሰባል እኮ!" አለችኝ።

"ይሰብስቡት፤ ወገቤ ምስጢር አይደለም" አልኳት።

ሥልጠናውን ንቄው ግን አይደለም። እንዲያውም አሠልጣኙ በተናገረ ቁጥር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይከብደኝ ነበር። ምክንያቱም ይህን አዲስ አሠራር እኔ ያለ ፎርም፣ ያለ ላፕቶፕ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ላይ ተምሬዋለሁ። ደግሞም አንድ ጊዜ፣ ከሁሉም በሚያስፈልግበት ቀን፣ አምልጬዋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ካራ አካባቢ ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበር። ያኔ አሁን ፎቁ የቆመበት ቦታ ሁሉ ገብስ ነው። ወሰን ከሚባለው ሰፈር ከቤቴ ተነስቼ ግማሹን በታክሲ፣ ግማሹን በእግሬ እሄዳለሁ። ስለ ደሞዜ አልነግራችሁም፤ ሰው ማሳዘን አልወድም። ከዚያ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ እስከ ጡረታዬ ወደኖርኩበት ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። አለቆች ሲመጡ ሲሄዱ አይቻለሁ። አንደኛው የጓንት ቁም ሣጥን ቁልፍ በቀበቶው አንጠልጥሎ ምሳ ይሄድ ነበር። ምጥ ደግሞ የምሳ ሰዓት አያከብርም። አንድ ቀን ሁለታችን አዋላጆች ክትፎ ቤት ድረስ ሄደን፣ ሰው እያየ፣ ቁልፉን ከቀበቶው ላይ ፈትተን አምጥተናል። ሌላኛው ማስታወቂያ መለጠፍ የሚወድ ነበርና የማዋለጃው በር ላይ "ጩኸት ክልክል ነው" የሚል ለጥፎ ነበር። እሱን አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ራሷ ገንጥላ ጣለችልን።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን በዚሁ ጤና ጣቢያ የነበሩት ሲስተር የሺመቤት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አጭር፣ ቀጭን፣ በጣም ንጹሕ ሴት ነበሩ። የፅንሱን የልብ ምት የምናዳምጥባትን የብረት መስሚያ ከመጠቀማቸው በፊት ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ያሞቋታል። "አንቺ በብርድ ጠዋት ሆድሽ ላይ ብረት ቢያሳርፉብሽ ትወጃለሽ?" ይሉኛል። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ክፍሉ ውስጥ ዝንብ እንኳን ትፈራቸዋለች።

ምጥ ሲጠና ደግሞ "ግፊ! ግፊ!" ብለው አይጮኹም። የዶሮ ብልት ነው የሚያስቆጥሩት። "በይ፣ ከመላላጫ ጀምሪልኝ" ይላሉ። ሴትየዋ መላላጫ፣ ፈረሰኛ እያለች አሥራ ሁለቱን ስትጨርስ ምጡም ለዚያ ጊዜ ያልፍላታል። አንዲት ነጋዴ ዶሮ አሥራ ሦስት ብልት ነው የሚወጣት ብላ ተከራክራቸው፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ልጁ ራሱን ችሎ ሊወለድ ምንም አልቀረውም። ሌላዋ ደግሞ "ሲስተር፣ ዶሮዋም እርስዎም ገደል ግቡልኝ!" አለቻቸው። "እሺ የኔ ልጅ፣ ስትወልጂ አብረን እንገባለን" አሏት፣ ወገቧን እያሹ።

ከሁሉም የሚገርመው ልማዳቸው ግን ከወሊዱ በኋላ ያለው ነው። እጃችንን ከታጠብን፣ እናትና ልጅ ደህና መሆናቸው ከታየ በኋላ፣ ከማዋለጃው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ያስቀምጡኛል። ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተራቸውን ያወጣሉ። "በይ፣ ከኋላ ጀምሪ" ይላሉ። ወሊዱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተርኪ ማለታቸው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሉኝ እየቀለዱ መሰለኝ። ግን ጀመርኩ። "ልጁን ለእናቱ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት እትብቱን ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት ልጁ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ትከሻው ወጣ። ከዚያ በፊት ጓንት አደረግኩ። ከዚያ በፊት ጭንቅላቱ ወጣ..." እዚህ ላይ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሲስተር የሺመቤት ቀና ሳይሉ "ጓንቱን ያደረግሽው ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ነው?" አሉ። ጠዋት ሙሉ ጎበዝ አዋላጅ ነኝ እያልኩ ነበር እኮ! እሳቸው ደብተራቸው ላይ አንዲት መስመር ጻፉ፤ "ትርንጎ፣ ጓንት፣ ዘገየች።"

"ከፊት ስትተርኪ ራስሽን እያስጌጥሽ ነው የምትሄጂው" አሉኝ። "ከኋላ ስትመጪ ግን ማስጌጫ ጊዜ የለሽም።"

ዓመታት ሄዱ። ጎበዝ ሆንኩ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሆንኩ። የሰፈሩ ሴቶች "ትርንጎ ትያዘኝ" ይሉ ጀመር። ደብተሩ ላይ ስሜ የሚጻፍበት መስመርም እያነሰ ሄደ። እንግዲህ ሰው የሚበላሸው እንዲህ ሲሆን ነው መሰለኝ።

አሥራ አራተኛ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጫልቱ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከካራ መጣች። የመጀመሪያዋ ነው። ሲስተር የሺመቤት ለስብሰባ መገናኛ ወርደው ስለነበር ብቻዬን ያዝኳት። አወላለዷ ለመጻፍ የሚያምር ነበር። ሴት ልጅ ተገላገለች፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ የምሰፋው እንኳን አልነበረም። ጫልቱን ወደ ማረፊያው ክፍል ወስጄ በወፍራም ጋቢ ጠቅልዬ አስተኛኋት።

አማቷ ደጅ ላይ ነበረች። እልልታውን ለቀቀችው። ከካራ ድረስ የተከተሏት ጎረቤቶችም ተቀበሏት። ገንፎውም ከየት እንደመጣ ሳላየው መጣ። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተንጣሎበታል። "ልጄን የተቀበለች እጅ ትቅደም!" ብላ አማቷ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። የወላድ ገንፎ እንቢ አይባልም። እውነቱን ለመናገር፣ እንቢ ማለትም አልፈለግኩም። ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ከወሊድ በኋላ መደረግ ያለበትን የሰፈር ልጅ እንኳን አስተምሬዋለሁ። በየሩብ ሰዓቱ ጋቢውን ገልጠሽ ደሙን ታያለሽ። እጅሽን ከእምብርቷ በታች አሳርፈሽ ማኅፀኑ እንደ ብርቱካን ጠንክሮ እንደሆነ ትዳስሻለሽ። እንደ ሊጥ ከለሰለሰ አደጋ ነው። እኔ ያን ቀን ምን አደረግኩ? ከገንፎው ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ፣ የማውቃትን አምስት ቃል ኦሮምኛ ለማሳየት፣ "አከም ጂርታ፣ ጫልቱ?" አልኳት። እንዴት ነሽ ማለት ነው።

"ፈያ፤ እግዜር ይመስገን" አለች። ደህና ነኝ አለች።

አማቷ በኦሮምኛዬ ደስ ብሏት አንድ ጉርሻ ጨመረችልኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፤ "ፈያ" አለች። ሦስተኛም ሄድኩ፤ "እግዜር ይመስገን" አለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ቀነስ ብሎ። ደክሟት ነው ብዬ ተመለስኩ። እኔ ያቀረብኩላት ሰላምታ ነበር፤ እሷም የመለሰችልኝ ሰላምታ ነበር። በአገራችን እየሞተም ቢሆን ለሰላምታ እግዜር ይመስገን የማይል ሰው የለም። ይህን እያወቅኩ ነው።

በዚህ መሐል ሲስተር የሺመቤት ከመገናኛ ደረሱ። ለማንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ወደ ጫልቱ ሄዱና ጋቢውን ገለጡት። ከጀርባቸው ቆሜ አየሁት። ፍራሹ ከወገቧ በታች ቀይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ። መርፌ ወጋናት፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። አምቡላንስ የሚባል አልነበረም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኖ የሚወርድ መኪና መንገድ ላይ ተሻግሬ አስቆምኩ። ሾፌሩ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እንጨቱን መንገድ ዳር ገለበጠልን። ሲስተር የሺመቤት ጭነቱ ቦታ ላይ ተንበርክከው፣ አንድ እጃቸውን ከውስጥ፣ አንድ እጃቸውን ከላይ አድርገው ማኅፀኑን ጨምቀው እንደያዙ ሆስፒታል ደረስን። በየጎድጓዳው ስንዘል አንድም ጊዜ እጃቸውን አላላሉም። እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜ ነበር።

ጫልቱ ተረፈች። ማኅፀኗ ግን አልተረፈም። ያቺ ልጅ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ሆነች።

ስንመለስ ሲስተር የሺመቤት እጃቸውን ታጥበው አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን አወጡ። እኔም ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሉኝ "አፍሽን ጥረጊ" ነው። ከንፈሬ ላይ ቅቤ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ደም አልፌ፣ ቅቤው አልለቀቀኝም ነበር።

"በይ፣ ከኋላ ጀምሪ።"

አልቻልኩም። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች" ብዬ ከፊት ጀመርኩ። የልብ ምቱን እንዳዳመጥኩ፣ ዶሮዋን እንዳስቆጠርኩ፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ እንደነበር፣ ሦስት ጊዜ ሄጄ እንደጠየቅኳትና ደህና ነኝ እንዳለችኝ፣ አሳምሬ ተረክኩት። ሲስተር የሺመቤት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩ ላይ "ጫልቱ" ብለው ስሟን ብቻ ጻፉና የቀረውን ባዶ ተውት። ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ለኔ ሰጡኝ። ያን ገጽ በጣታቸው መታ አድርገው "ይኼ ያንቺ ነው" አሉኝ።

ያ ባዶ ገጽ ሃያ አራት ዓመት በልቤ ኖረ። የጫልቱን ባል፣ ሌላ ልጅ አጥቶ መኖሩን እያሰብኩ፣ አማቷ ምን ብላት ይሆን እያልኩ፣ ስንት ጊዜ ካራ ድረስ ሄጄ ከታክሲ ሳልወርድ ተመልሻለሁ። ከዚያ ሥልጠና በኋላ ግን ለራሴ ወሰንኩ። ያን ገጽ ሳልሞላ፣ እውነቱንም ለራሷ ለጫልቱ ሳልነግር ጡረታ አልወጣም አልኩ። ስድስት ወር አለኝ አልኩ። እንደ ወሬ አለፈ። አንድ ሳምንት ቀረኝ፤ አሁንም ካራ አልሄድኩም።

ካራ ወደኔ መጣች። ማክሰኞ ጠዋት ሄለን አንዲት ምጥ የያዛት ወጣት ተቀብላ "ሲፈን ትባላለች፣ የመጀመሪያዋ ነው" አለችኝ። ከኋላዋ ደልደል ያለች፣ ፈገግታዋ የሚያበራ ሴት ገባችና አቀፈችኝ። "ሲስተር ትርንጎ! ጫልቱ ነኝ እኮ! አላወቁኝም?" ወዲያው በዚያ ቅዳሜ ወደተወለደችው ልጇ ዞራ "ሲፉ፣ ሕይወቴን ያተረፉኝ እኚህ ናቸው። መኪናውን መንገድ ላይ ያስቆሙልኝ እሳቸው ናቸው" አለቻት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲፈን በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ዶሮዋን ሁለት ጊዜ ቆጥራለች። ከዚያ በኋላ ጋቢዋን በየአምስት ደቂቃው ስገልጥ ሄለን ጠጋ ብላ "ሲስተር፣ በርዷታል እኮ" አለችኝ።

"ይብረዳት።"

"ደህና ነኝ ብላለች እኮ።"

"እሷን ማን ጠየቃት?" አልኳት። በሚቀጥለው ዙር ጋቢውን ሄለን ራሷ ገለጠች።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ገንፎ ይዛ መጣች። አሁን በአማቷ ቦታ ያለችው እሷ ነበረች፤ የምታዘው እሷ ነች። "የተቀበለች እጅ ትቅደም" ብላ ማንኪያውን አስያዘችኝ። ቅቤው መሐል ላይ ተንጣሏል። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። "ጫልቱ፣ ነይ ከኔ ጋር" አልኩና ከጀርባ ወዳለችው አግዳሚ ወሰድኳት። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ድንጋዩ ግን አሁንም አግዳሚዋ እግር ሥር ነው።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ከኋላ ነው የምጀምረው" አልኩና ጀመርኩ። "ማኅፀንሽ ወጣ። ከዚያ በፊት መኪናው ላይ ነበርን። ከዚያ በፊት ሲስተር የሺመቤት ጋቢውን ገለጡት። ከዚያ በፊት በሩ ላይ ቆሜ እንዴት ነሽ አልኩሽ። ከዚያ በፊት ገንፎ በላሁ። ከዚያ በፊት እንዴት ነሽ አልኩሽ። ከዚያ በፊት ገንፎ በላሁ። ከዚያ በፊት እንዴት ነሽ አልኩሽ። ከዚያ በፊት ገንፎ በላሁ። ከዚያ በፊት አስተኛሁሽና ጋቢ አለበስኩሽ። ከዚያ በኋላ ሲስተር የሺመቤት እስኪመጡ ድረስ ያን ጋቢ አንድም ጊዜ አልገለጥኩትም። በየሩብ ሰዓቱ መግለጥ ነበረብኝ። ያኔ ገልጬው ቢሆን ኖሮ ሌላም ልጅ ትወልጂ ነበር ይሆናል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ማልቀስ አልፈልግም ነበር፤ አለቀስኩ።

ጫልቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ "እኔ ነኝ እንጂ" አለች።

"ምኑን?"

"ያጠፋሁት። ሙቀት ሲፈስብኝ ይታወቀኝ ነበር እኮ። ግን አማቴ ሰዉን ሁሉ ሰብስባ እልል ስትል፣ ገንፎው ሳይበላ እንዴት ብዬ ደማሁ ልበል? አፈርኩ። ፍራሹንም አበላሸሁባቸው ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ተመላልሰው እየጠየቁኝ፣ እኔ ደህና ነኝ እያልኩ ዋሸሁዎት። ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ሠላሳ ስግደት አዘዙኝ። አንዴ ነው ያዘዙኝ፤ እኔ ግን የሲፉ ልደት በመጣ ቁጥር ስለሚቆጨኝ በየዓመቱ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ እሰግዳለሁ።"

"በየዓመቱ?"

"ሃያ አራት ዓመት።"

ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው። እኔ ባዶ ገጽ ይዤ ስዞር፣ እሷ የኔን ጥፋት በጉልበቷ ትከፍል ነበር። ጫልቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች፤ ከንፈሯ ሊስቅ ይታገላል። "ሲስተር፣ እንግዲያው ያ ሁሉ ስግደት የእርስዎ ነበር ማለት ነው?"

"የኔ ነበር።"

"ጉልበቴን አመመኝ እኮ!" አለችና ሳቋ አመለጣት። እኔም አመለጠኝ። ሄለን ሁለት ሴቶች እያለቀሱና እየሳቁ አግኝታን ውኃ ልታመጣ ሮጠች። "የዘንድሮውን እርስዎ ይሰግዳሉ" አለች ጫልቱ፣ ሳቁ ሲበርድላት። ቀልድ አልነበረም።

ያን ማታ ደብተሩን አወጣሁ። ከስሟ ሥር አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ "ትርንጎ፣ ጋቢውን አልገለጠችም።" ከዚያ በኋላ ገጹ አሁንም ባዶ ይመስላል፤ ግን ሞልቷል። ደብተሩን ለሄለን ሰጠኋት። "ፎርሙስ?" አለችኝ። "እሱንም ሙዪ፤ ወገብሽን ግን አትርሺ" አልኳት። ጓደኞቼ ለመሸኛ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤ ከእንግዲህ የትም መድረስ ለሌለባት ሴት።

የሲፈን ልደት የዋለው ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጫልቱና እኔ በጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የጨረስኩት። ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች በሩጫ እያለፉኝ "አይዞን ማዘር!" ይሉኛል። ቅጥሩ ውስጥ ጫልቱ አጠገቤ ቆማ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት። በሰባተኛው ጉልበቴ ጮኸ። በአሥራ አራተኛው ግንባሬን መሬት አስነካሁና እዚያው ቀረሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ነጠላዬም ተንሸራቶ ፊቴን ሸፈነው።

"ሲስተር፣ ደህና ነዎት?" አለች ጫልቱ ከላይ።

"እግዜር ይመስገን" አልኩ።

ጫልቱ አላመነችኝም። ጎንበስ አለችና ነጠላውን ገልጣ አየችኝ።